ካረን ብሊክሰን፤ የጠፋው እርሻና የተጻፈው መጽሐፍ

ከናይሮቢ መካከል ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ካረን ወደሚባለው ሰፈር ይደርሳል። በዚያም በሰፊ መስክ ላይ፣ በትልልቅ ዛፎች መካከል፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ቀይ ሸክላ የሆነ አንድ አሮጌ ቤት ቆሞአል። ከዚያ ሆኖ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው የንጎንግ ኮረብታዎች አራቱን ጫፎቻቸውን አንሥተው፣ ከርቀቱ የተነሣ ሰማያዊ መስለው ይታዩታል። በዚህ ቤት ከመቶ ዓመት በፊት ከዴንማርክ የመጣች አንዲት ሴት ትኖር ነበር፤ ቤቱንም እርሻውንም አጥታ ባዶ እጅዋን ወደ አገርዋ ተመለሰች። የዚህችን ሴት ታሪክ ለአንባብያን ለማቅረብ የወደድነው ሕይወትዋ እንከን የሌለበት ስለ ሆነ አይደለም፤ እንከኑንም በኋላ እንናገራለን። ያቀረብነው ያለፈውን ዘመን አጥብቃ የናፈቀች ሴት ሆና ሳለ ናፍቆትዋ እጅዋን ስላላሰረው ነው።

ናፍቆት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የገባ ሰው የተወለደበትን ደጋ፣ የልጅነቱን ምንጭ፣ ከብት ያገደበትን መስክ ያስባል። በባሕር ማዶ የሚኖረው ወገናችንም እንዲሁ ነው። በናይሮቢም ኢስሊ በሚባለው ሰፈር አገራቸውን ትተው የመጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቡና አፍልተው ስለ አገር ቤት ይጨዋወታሉ። ሽማግሌዎቻችንም ክረምቱ በጊዜው ይገባ የነበረበትን፣ ሰው በሰው ይታመን የነበረበትን ዘመን ያወሳሉ። ማስታወስ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰው በትዝታ ላይ ተቀምጦ የዛሬውን ቀን ሳይሠራበት ቢያሳልፈው፣ ያለፈውም አይመለስለትም፣ ያለውም ያመልጠዋል። እንግዲህ የካረን ብሊክሰን ሕይወት በዚህ ነገር ምን እንደሚያስተምረን እንመልከት። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ካረን ዲነሰን በ1885 ኤፕሪል 17 ቀን ከኮፐንሃገን በስተ ሰሜን፣ በባሕር ዳር፣ ሩንግስቴድሉንድ በሚባል ቤት ተወለደች። አባትዋ ቪልሄልም ዲነሰን ወታደርና ጸሐፊ ነበረ፤ ከልጆቹም መካከል እርሷን አብልጦ ይወድ ነበር። ገና ዐሥር ዓመት ሳይሞላት፣ በ1895 ዓ.ም. አባትዋ ራሱን ገደለ። የመጀመሪያው ኪሳራዋ ይህ ነበረ። ካደገችም በኋላ በኮፐንሃገን የሥዕል ትምህርት ተማረች፤ በ1907 ዓ.ም. አንዳንድ ታሪኮችን በመጽሔት ላይ አሳተመች፤ ነገር ግን አልጸናችበትም። በዚያን ጊዜ ልብዋ ከአገር መውጣትን እንጂ መጻፍን አልፈለገም።

በ1914 ጃንዋሪ 14 ቀን በሞምባሳ ወደብ ለስዊድናዊው ባሮን ብሮር ብሊክሰን ፊንከ ተዳረች፤ ከዚያም በባቡር ወደ ናይሮቢ ወጡ። ናይሮቢ በዚያን ጊዜ ገና በ1899 ዓ.ም. በባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈርነት የተቈረቈረች ለጋ ከተማ ነበረች። ባልና ሚስቱ ከካረን ቤተ ሰብ በተገኘ ገንዘብ በንጎንግ ኮረብታዎች ሥር የቡና እርሻ ገዙ። እርሻው እየሰፋ ሄዶ እስከ 6,000 ኤክር ደረሰ፤ ይህም በእኛ አለካክ ወደ 60 ጋሻ ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ በቡና የተተከለው 600 ኤክር ያህል ነበረ፤ የቀረው ደን፣ የግጦሽ መስክና የጭሰኞች ማሳ ነበረ።

ቡና የሚያበቅል ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ቡና መሬቱን ይመርጣል። ያ እርሻ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ6,000 ጫማ የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነበረ፤ ነፋሱ ብርቱ፣ ዝናቡም የማይታመን ነበር። ቡናው ያብባል፤ አበባውም መስኩን ሁሉ ነጭ ያደርገዋል፤ ነገር ግን በለቀማ ጊዜ የተጠበቀው ያህል አይገኝም። እንዲህ ሆኖ ዐሥራ ሰባት ዓመት ተሠራበት። በ1923 ዓ.ም. የቡና ማዘጋጃው ፋብሪካ በእሳት ተቃጠለ። በሌላውም ዘመን ድርቅና አንበጣ መጣ። ትዳሩም አልቀናም፤ ካረን በተጋባች በመጀመሪያው ዓመት ከባልዋ በተላለፈባት በሽታ ታመመች፤ የእርሻውን አስተዳደር በ1921 ዓ.ም. ብቻዋን ያዘች፤ በ1925 ዓ.ም. ደግሞ ጋብቻው በፍቺ ተፈጸመ።

በእነዚያ ዓመታት በቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ለእርሷ ዋና ነበሩ። አንደኛው ፋራህ አደን የሚባል ሶማሌ ነው፤ የቤቱ አዛዥ፣ የገንዘቡ ጠባቂ፣ በችግርም ጊዜ መካሪዋ እርሱ ነበረ። ሁለተኛው ካማንቴ የሚባል የኪኩዩ ልጅ ነው። ካማንቴን ባገኘችው ጊዜ ፍየል ጠባቂ ነበረ፤ እግሩ በቍስል ተበልቶ ነበር። ራስዋ ልታክመው ሞክራ ባልሆነላት ጊዜ የስኮትላንድ ሚሲዮን ወዳለው ሆስፒታል ሰደደችው። ሦስት ወር ቈይቶ በትንሣኤ ዕለት ጧት ተመለሰ። እግሩን በአሮጌ መጠቅለያ ጠቅልሎ መጥቶ ነበር፤ ጨርቁንም ቀስ ብሎ ከፈታ በኋላ የዳነውን እግር አሳያት፤ ክርስቲያን መሆኑንም ነገራት። ከዚያ በኋላ የቤቱ ወጥ ሠሪ ሆነ፤ የፈረንጁን ወጥ እንግዶች ሁሉ እስኪደነቁ ድረስ አሳምሮ ይሠራ ነበር፤ ራሱ ግን የሕዝቡን ምግብ ይመርጥ ነበር።

ዝናብ ጠፍቶ እርሻው በጨነቀ ጊዜ ካረን ማታ ማታ በምግብ ገበታው ላይ ወረቀት ዘርግታ ታሪክ መጻፍ ጀመረች። ይህን ያደረገችው የሚያስጨንቃትን ሒሳብ ከልብዋ ለማራቅ ነበር። ካማንቴ ግን ሥራውን በጥርጣሬ ይመለከት ነበር። አንድ ቀን ከመጻሕፍት መደርደሪያው የሆሜርን ኦዲሴ አምጥቶ ፊትዋ አኖረ፤ ይህ መጽሐፍ ቢያናውጡት እንኳ እንደማይበተን፣ የእርሷ ጽሕፈት ግን ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ እንደ ሆነ፣ በሩን የሚዘጋ ሰው በጠፋ ጊዜም ነፋስ ወደ ወለሉ እንደሚበትነው ነገራት። እርሷም በአውሮፓ ሰዎች ገጣጥመው እንደሚጠርዙት አስረዳችው። እርሱም እንዲህ ያለ ከባድና ጠንካራ ይሆን እንደ ሆነ አጥብቆ ጠየቀ። አንባብያን ይህን የተበተነ ወረቀት በልባቸው ያኑሩት፤ በመጨረሻ እንመለስበታለንና።

ሌላም ነገር በዚያ እርሻ ላይ ሆነ። በእርሻው ላይ አንድ ልጅ በጥይት አደጋ በሞተ ጊዜ ስለ ካሣው ክርክር ተነሣ፤ የሟቹ አባት ዮጎና የሚባለው ኪኩዩ ታሪኩን አስረድቶ ያስጽፍ ዘንድ ወደ ካረን መጣ። እርሱ ተናገረ፣ እርሷ ጻፈች፤ ከዚያም አነበበችለት። ዮጎና የገዛ ስሙን ከወረቀቱ ሲሰማ እጅግ ተደነቀ፤ ያለፈው ነገር እንዳይጠፋ ሆኖ ተይዞአልና። ያንንም ወረቀት በቆዳ ከረጢት አድርጎ ባንገቱ አንጠልጥሎ ይዞር ነበር። ማንበብ የማያውቀው ይህ ሰው ጽሕፈት ምን እንደ ሆነ ከብዙ ማንበብ ከሚችሉ ሰዎች አብልጦ ተረዳ እንላለን።

የዓለም ንግድ በ1929 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ የቡና ዋጋ ወረደ፤ የዴንማርክ ባለ አክሲዮኖችም ከዚህ በላይ ኪሳራ ሊሸከሙ አልቻሉም። በ1931 ዓ.ም. እርሻው ተሸጠ። የገዛውም ነጋዴ መሬቱን ለመኖሪያ ቤት ሸንሽኖ ለመሸጥ አሰበ። በዚያው ዓመት ሜይ 14 ቀን የቅርብ ወዳጅዋ እንግሊዛዊው ዴኒስ ፊንች ሃተን ቮይ በምትባል ቦታ አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ፤ እርሷም በንጎንግ ኮረብታ ላይ አስቀበረችው።

በዚያ በኀዘን ወራት ካረን አንድ ሥራ አልተወችም። በእርሻው ላይ የሚኖሩት የኪኩዩ ጭሰኞች በዓመት 180 ቀን ለባለ መሬቱ እየሠሩ የሚቀመጡ ነበሩ፤ እርሻው ሲሸጥ ግን ሕጉ በመሬቱ ላይ አንዳች መብት አይሰጣቸውም ነበር። ሰዎቹ የለመኑት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም እንዳይበታተኑ፣ ከብቶቻቸውን ይዘው ጎረቤት ከጎረቤቱ ሳይለያይ በአንድነት ይሰፍሩ ዘንድ ነው። እርሷም በናይሮቢ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው እየተመላለሰች ለመነች፤ ብዙ ጊዜም ባዶ መልስ ተቀበለች። በመጨረሻ መንግሥት በዳጎሬቲ ደን አጠገብ ቦታ ሰጣቸው። የራስዋን ቤት ዕቃ እያሸገች ሳለ የሌሎችን ቤት መቆሚያ ስትፈልግ መገኘትዋ መልካም ምስክር ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ዴንማርክ ተመለሰች። ዕድሜዋ 46 ነበረ። ገንዘብ የላትም፤ ባል የላትም፤ ልጅ የላትም፤ ጤናም የላትም። በ1913 ዓ.ም. መጨረሻ ወጥታ ወደ ነበረችበት ወደ እናትዋ ቤት እንደ ገና ገባች። ልብዋ ግን በንጎንግ ነበር። ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ በቀሪ ዘመኑ ሁሉ በመስኮት አጠገብ ተቀምጦ የጠፋበትን ቢያለቅስ ማን ይፈርድበታል? ብዙዎችም ያን ያደርጋሉ። እርሷ ግን ወንድምዋን ቶማስን መጽሐፍ እስክትጽፍ ድረስ ለሁለት ዓመት ያህል ይረዳት ዘንድ ለመነችው፤ እርሱም ረዳት። ከአፍሪካ ያመጣችውን የተበተነ ወረቀት ዘርግታ ሥራ ጀመረች።

የጻፈችውም በእናትዋ ቋንቋ ሳይሆን በእንግሊዝኛ ነበር፤ በኬንያ የተናገረችው ቋንቋ እርሱ ነበረና። ለንደን ያሉ አሳታሚዎች አልተቀበሉአትም። በ1934 ዓ.ም. ግን ሰባት ታሪኮች ያሉበት የመጀመሪያ መጽሐፍዋ በአሜሪካ ታተመ፤ ወዲያውም በብዙ ሰው እጅ ገባ። በመጽሐፉ ላይ ያኖረችው ስም ኢሳቅ ዲነሰን የሚል ነበረ። ዲነሰን የአባትዋ ስም ነው። ይስሐቅ ማለት ደግሞ ሳቅ ማለት እንደ ሆነ መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሁሉ ያውቃል፤ ተስፋ በተቈረጠበት ዕድሜ ለአብርሃምና ለሣራ የተወለደ ልጅ ነውና። እርሻዋን፣ ወዳጅዋንና ጤናዋን ያጣች ሴት አምሳ ዓመት ሊሞላት አንድ ዓመት ሲቀራት ያወጣችውን የመጀመሪያ መጽሐፍ በሳቅ ስም መጥራትዋን ስናስብ፣ ይህች ሴት ኀዘንዋን እንዴት አድርጋ እንደ ያዘችው እንረዳለን።

ስለ እርሻዋ የምትናገረው መጽሐፍ የታተመው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1937 ዓ.ም. ነው፤ በእንግሊዝኛም በዴንማርክኛም ራስዋ ጻፈችው። ይህ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ከንጎንግ እንደ ወጣች ወዲያው ስለ ንጎንግ አልጻፈችም፤ አስቀድማ ሌላ ሥራ ሠራች፣ እጅዋን አለመደች፣ ቍስሉ እስኪጠግግ ጠበቀች። ናፍቆት ትኩስ በሆነ ጊዜ ሰው የሚያወጣው ልቅሶ ነው፤ ሰከን ባለ ጊዜ ግን ያየውን በሚዛን ይናገራል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ካማንቴ ከነወጥ ቤቱ፣ ዮጎና ከነከረጢቱ፣ ፋራህ ከነክብሩ ይገኛሉ። ጥፋትዋንም አልደበቀችም። የኪኩዩ አለቃ ኪናንጁይ ሊሞት በተቃረበ ጊዜ በቤትዋ ትቀበለው ዘንድ ለምኖአት እንደ ነበረ፣ እርሷም በድካምና ሰዎች ይከስሱኛል በሚል ፍርሃት እንቢ እንዳለችው፣ አለቃውም በዚያው ሌሊት እንደ ሞተ ጽፋለች። እውነተኛ ትዝታ የሚያምረውን ብቻ አይመርጥም።

ነገር ግን ትዝታዋ ሁሉን አላየም፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ እውነትን እናጓድላለን። የእርሷ እርሻ የተባለው መሬት ከጥቂት ዓመታት በፊት የአገሩ ሰዎች መሬት ነበረ። እርሷ ዐሥራ ሰባት ዓመት የኖረችበትን ቦታ አጥታ አለቀሰች፤ የኪኩዩ ሕዝብ ግን ከአባት ከአያቱ የወረሰውን ርስት ተነጥቆ በገዛ አገሩ ጭሰኛ ሆኖ ነበር። ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ መጽሐፉን አጥብቆ ነቅፎአል፤ አፍሪካውያንን ከእንስሳት ጋር እያመሳሰለች መግለጽዋ ንቀት ነው ብሎ ነው። ነቀፋው እውነት አለበት። ለአንዱ የወርቅ ዘመን የሆነው ለሌላው የመከራ ዘመን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኛም የድሮውን ዘመን ባመሰገንን ጊዜ፣ በዚያ ዘመን ሸክሙን ተሸክሞ የነበረው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል።

ንጉጊም ራሱ በነቀፋ ብቻ አልቀረም። በ1977 ዓ.ም. መጨረሻ ተይዞ አንድ ዓመት ያህል በእስር በቆየ ጊዜ፣ በናይሮቢ አጠገብ ባለው በካሚቲ ወህኒ ቤት ውስጥ በገዛ ቋንቋው በኪኩዩ ልብ ወለድ መጽሐፍ ጻፈ። ወረቀት ስለ ተከለከለ የጻፈው ለመጸዳጃ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ነበረ። ካማንቴም ቢሆን በሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ብቻ አልቀረም፤ የራሱን ትዝታ ተናግሮ ፒተር ቢርድ የሚባል አሜሪካዊ በ1975 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጣው። እንዲህም ሆኖ ከንጎንግ ኮረብታ ሥር የሆነው ነገር ከአንድ ወገን ብቻ የተነገረ ሆኖ አልቀረም።

የካረን የኋላ ዘመን በሥቃይ የተሞላ ነበር። ሆኖም ሥራዋን አልተወችም። ጀርመኖች ዴንማርክን ይዘው ሳሉ በ1942 ዓ.ም. ሌላ የታሪኮች መጽሐፍ አወጣች። የጀርባዋ ሕመም በጸና ጊዜ ወለል ላይ ተኝታ ለጸሐፊዋ በቃልዋ ታስጽፍ ነበር። በ1958 ዓ.ም. በሬዲዮ ተናግራ የተወለደችበት ቦታ የወፎች መጠለያ ሆኖ ይጠበቅ ዘንድ እያንዳንዱ ሰሚ አንድ ክሮነር እንዲልክላት ጠየቀች፤ ከ80,000 የሚበልጡ ሰዎችም ላኩላት። ወደ ንጎንግ ዳግመኛ አልሄደችም፤ ፋራህ የሰጣትን ሣጥን ግን በቤትዋ እንዳኖረች ነበረች። በ1962 ሴፕቴምበር 7 ቀን በሩንግስቴድሉንድ ዐረፈች፤ በዚያው ግቢ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥርም ተቀበረች። ኬንያ በ1963 ዲሴምበር 12 ቀን ነፃነትዋን አገኘች፤ በማግሥቱም ዓመት የዴንማርክ መንግሥት ያንን የድንጋይ ቤት ለአዲሱ መንግሥት ስጦታ አድርጎ ሰጠ። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮም ሙዚየም ሆኖአል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እናገኛለን? ከምርኮ የተመለሱት ሰዎች የሁለተኛውን ቤተ መቅደስ መሠረት በጣሉ ጊዜ፣ የፊተኛውን ያዩ ሽማግሌዎች አለቀሱ፤ ሌሎቹ በደስታ እልል አሉ፤ የልቅሶውም ድምፅ ከእልልታው እስከማይለይ ድረስ ሆነ። ሽማግሌዎቹ በማልቀሳቸው አልተወቀሱም። የፊተኛውን ያላየ ሰው የሁለተኛውን ልክ ከየት ያውቃል? ነገር ግን ድንጋዩ የተነባበረው በልቅሶው አይደለም፤ ያን ቀን ድንጋይ ባነሡ እጆች ነው። ትዝታ የሥራ ልክ ሲሆን ያንጻል፤ የሥራ ምትክ ሲሆን ግን ያፈርሳል።

ስለዚህ የምትናፍቁ ሁሉ ናፍቆታችሁን አትፈሩት። የአባቶቻችሁን መንደር የምታስታውሱ፣ ስሞቹን፣ ምንጮቹን፣ የአዝመራውን ልማድ በወረቀት አኑሩት። መጻፍ የማይሆንለት እንደ ዮጎና ተናግሮ የልጅ ልጁን ያስጽፍ። የድሮ ዜማ የሚያውቅ ዛሬ ለልጆች ያስተምር፤ የጥንቱ ደን ጠፋ ብሎ የሚያዝን በዚህ ክረምት ችግኝ ይትከል። በኢስሊ ቡና አፍልቶ የሚጨዋወተውም ወገናችን ልጆቹን ከአጠገቡ ያስቀምጥ፣ ጨዋታውንም ይስሙ።

ካማንቴ የተጠራጠረበት ወረቀት በሩ በተከፈተ ቍጥር ወለል ላይ ይበተን ነበር። እርሷም በየጊዜው ጎንበስ ብላ ትለቅመው ነበር። እርሻው ተሸጠ፤ ቡናው ተነቀለ፤ ወዳጆችዋም አለፉ። ያ ወረቀት ግን ተጠርዞ ከባድና ጠንካራ መጽሐፍ ሆነ፤ ቢያናውጡትም አይበተንም።